ለሁለት የበቃችው መኪና ለአራት አልበቃችም፦ ከሦስት ያገለገሉ መኪኖች የትኛው ይሻለናል?

ጠያቂዋ

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆኖናል፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ባለ ሁለት በር ትንሽ መኪናችን ለሥራም ለጉዞም በቅታን ኖራለች። አሁን ግን ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ልጃችንን እንጠብቃለን፤ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት እናቴም ከእኛ ጋር ልትኖር መጥታለች። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ልንወስዳት ስንነሣ የፊት ወንበሩን አጥፈን ከኋላ ልናስገባት ሞከርን፤ እግሯ አልታጠፍ ስላላት ግማሽ አካሏ ገብቶ ግማሹ ውጭ ቀረ፣ መመለስም አቃታት። በስንት መከራ ካወጣናት በኋላ እሷ ከፊት ተቀምጣ እኔ ከነእርግዝናዬ ጎንበስ ብዬ ወደ ኋላ ገባሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ መኪናዋን ሸጠን ሌላ ለመግዛት ተስማማን።

ሁለት መኪና የመያዝም ሆነ አዲስ የመግዛት አቅም የለንም። ባለን ገንዘብ የሚገኙና ዋጋቸው የተቀራረበ ሦስት ያገለገሉ መኪኖችን መርጠናል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2018 የተሠራና 60,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ባለ አምስት በር ሆንዳ ፊት ነው። ሁለተኛው የ2012 ሥሪት የሆነ፣ 118,000 ኪሎ ሜትር የሄደ የቤንዚን ቶዮታ ራቭ 4 ነው። ሦስተኛው የ2013 ሥሪት፣ ሰባት ሰው የሚይዝና በናፍጣ የሚሠራ ትልቅ መኪና ሲሆን 190,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል።

ባለቤቴ ቁመቱ 1 ሜትር ከ88 ስለሆነ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ ነው የሚነዳው። እስካሁን በቀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በዋና መንገድ ይመላለስ ነበር፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ግን መሥሪያ ቤቱ ከቤታችን 6 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወዳለ ቦታ ይዛወራል። እሱ ወደ ሰባት ሰዎቹ መኪና ያደላል፤ ሁለተኛ ልጅ ቢመጣ፣ ዘመድ ቢጠይቀን፣ ዕቃ ብንጭን ይበቃናል ይላል። እኔ ደግሞ አዲስነቱን አይቼ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ። ያያችሁትንና የደረሰባችሁን ብትነግሩን እናመሰግናለን።

ከጋራዥ

በመካኒክነት 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ስለ መኪኖቹ ጤንነት እንጂ ስለ ምቾታቸው አይደለም።

ሦስተኛውን ከዝርዝራችሁ አውጡት። ምክንያቴ ኪሎ ሜትሩ አይደለም፤ ባለቤትሽ የሚነዳው መንገድ መለወጡ ነው። የዚያ ዘመን የናፍጣ መኪኖች አብዛኛዎቹ በጭስ ማውጫው መሥመር ላይ የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው በውስጡ የሰበሰበውን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መኪናው ሳይቋረጥ ረዘም ላለ ጊዜ በጥሩ ፍጥነት መሄድ አለበት። በቀን 40 ኪሎ ሜትር በዋና መንገድ ሲመላለስ ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ይከናወን ነበር። 6 ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚቆም ሞተር ግን ገና በወጉ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ማጽዳቱ ይጀመራል እንጂ አይፈጸምም። ከዚያ ማጣሪያው ይደፈናል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣም ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል። እንዲህ ሆነው ወደ እኔ የመጡትን መኪኖች ቁጥር ረስቻለሁ፤ አብዛኞቹ ባለቤቶች መኪናቸውን በደንብ የያዙ ነበሩ፣ ጥፋታቸው አጭር መንገድ መሄዳቸው ብቻ ነበር።

በሁለቱ የቤንዚን መኪኖች ላይ የተገጠመው፣ የሞተሩን ክፍሎች በጊዜ የሚያስተባብረው የታይሚንግ ካቴና (የብረት ሰንሰለት) እንጂ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ስላልሆነ፣ በየተወሰነ ኪሎ ሜትር የግድ መቀየር ያለበት ክፍል በመሆን አያስጨንቃችሁም። ሆኖም ካቴናም ቢሆን ዘይቱ በወቅቱ ካልተቀየረ ይላላል፤ የሚታወቀውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሲነሣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በሚሰማ የመንቀጫቀጭ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሻጩን ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሣው አደራ በሉት፤ እንደደረሳችሁም ኮፈኑን አስከፍታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ኑ። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመና የራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ ከሆነ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጋስኬት፣ ማለትም ማሸጊያውን፣ ተጠራጠሩ።

ሆንዳው አውቶማቲክ ከሆነ ካምቢዮው ሲቪቲ ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ካምቢዮ በማርሽ ፈንታ በቀበቶና በሁለት ፑሊ የሚሠራ ስለሆነ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ፤ ከቆመበት ቀስ ብሎ ሲነሣ የሚንዘፈዘፍ ከሆነ አትውሰዱት።

የሁለት ልጆች እናት

መካኒኩ የነገሩሽን እንደ ቁም ነገር ያዢው። እኔ የምጨምረው ስለ ወንበሮቹ ነው፤ እኛ ይህን ሳናስብ ገዝተን ብዙ ተቸግረናል።

ጨቅላ ሕፃን ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ በሚያስቀምጥ ወንበር ነው የሚጓዘው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 ይህ አቀማመጥ ቢያንስ እስከ 15 ወር ድረስ እንዲቀጥል ያዝዛል፤ ከዚያም በላይ ማቆየቱ ለሕፃኑ አንገት የተሻለ ነው። እንዲህ የተዞረ ወንበር ጋደም ስለሚል ከፊቱ ያለውን ወንበር ወደፊት ይገፋዋል። የእኛን ስንገጥም የፊተኛው ወንበር በአንድ ክንድ ያህል ወደፊት ካልተጠጋ አልገባ አለ፤ ባለቤቴ ለስምንት ወር ጉልበቱ ዳሽቦርዱን እየነካ ነዳ። በፊት ወንበር ላይ አድርጉት የሚል ምክር ብትሰሚ አትቀበዪው፤ ኤርባግ ባልተዘጋበት የፊት ወንበር ላይ ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን ወንበር ማኖር ለሞት የሚያበቃ አደጋ አለው።

ስለዚህ ከመኪናው በፊት የሕፃኑን ወንበር ግዙ፤ መኪና ልታዩ ስትሄዱም ይዛችሁት ሂዱ። በኋላ ወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ መገናኛ ውስጥ እጅሽን ብትከቺ አይሶፊክስ የሚባሉትን ሁለት የብረት ማሠሪያዎች ታገኛለሽ፤ በመካከላቸው 28 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ያሉት በዳርና ዳር ባሉት መቀመጫዎች ላይ ስለሆነ፣ ሕፃኑን መሐል ላይ ማድረግ ብትፈልጊ ወንበሩ በደህንነት ቀበቶ ለመታሠር የተፈቀደለት መሆኑን አረጋግጪ።

ነገር ግን ከሁሉ በፊት መልስ የምፈልግበት አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጁ ከተወለደ በኋላ በአዘቦት ቀን መኪናውን ይዞ ልጁንና እናትሽን የሚያመላልሰው ማን ነው? የጻፍሽው ሁሉ ባለቤትሽ ሹፌር እንደሆነ አድርጎ ነው። የእሱ ሥራ 6 ኪሎ ሜትር ቅርብ ከሆነ ግን ነገሩ የሚገለበጥ ይመስለኛል።

ሰባት ወንበር የገዛው

የባለቤትሽን አሳብ በደንብ እረዳዋለሁ፤ እኔም እንደ እሱ አስቤ ነበር። ሁለተኛ ልጃችን ሲወለድ ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ገዛን። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛውን ረድፍ የዘረጋነው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በአራቱም ጊዜ ዕቃችንን የምናኖርበት አጥተን ሻንጣ ጭናችን ላይ ይዘን ሄድን፤ ምክንያቱም የኋላው ረድፍ ሲዘረጋ ከበስተኋላው የሚቀረው ቦታ ሁለት የእጅ ቦርሳ የሚይዝ ብቻ ነው። ሰባት ሰውና የሰባት ሰው ዕቃ አብረው የሚገቡበት መኪና ቁመቱ ረጅም የሆነ እውነተኛ የቤተ ሰብ ቫን ነው፤ ከዚያ የሚያንሱት ከሁለቱ አንዱን ያስመርጡሃል።

በቀሩት ሰባት መቶ ምናምን ቀናት ግን ነዳጁን፣ የትልልቆቹን ጎማዎች ዋጋና የማቆሚያ ቦታ ፍለጋውን ችለናል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ሌላ መኪና መከራየት በጣም ይቀል ነበር። ሁለተኛ ልጅ ስለሚመጣበት ጊዜም አትጨነቁ፤ ሁለት የሕፃን ወንበሮችና በመካከላቸው ቀጭን ሰው በአንድ ረድፍ ይገባሉ፤ እስከዚያም የዛሬው መኪና ራሱ የሚለወጥበት ጊዜ ደርሶ ይሆናል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእናትየዋ ጥያቄ ቁጭ ብለን እንድናስብ አደረገን። የሳምንቱን እንቅስቃሴያችንን በወረቀት ላይ ስንጽፈው፣ ከመጪው ወር በኋላ ባለቤቴ በእግሩ ወይም በአውቶቡስ ሊሄድ እንደሚችል፣ በሳምንት አምስት ቀን የምነዳውም እኔ እንደምሆን ታየን፤ ለእናቴ ሕክምና በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከወሊድ ስመለስም ወደ ሥራ 12 ኪሎ ሜትር። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ስለዚህ የሕፃኑ ወንበር ከሹፌሩ ጀርባ ቢሆን እኔን አይነካኝም፤ እናቴም ከፊት በእኔ ጎን ወንበሯን እንደፈለገች ወደ ኋላ ገፍታ እግሯን ትዘረጋለች። ባለቤቴ ሲነዳ ደግሞ እኔና ሕፃኑ ከኋላ ስለምንሆን የሕፃኑን ወንበር አስቀድመን ከእሱ ጀርባ ማዛወር እንችላለን። የሰባት ሰዎቹን መኪና ባለቤቴ ራሱ ተወው።

ትናንት የሕፃኑን ወንበር፣ ሜትርና እናቴን ይዘን ሁለቱን አየን። የሆንዳው ስፋት አስገረመኝ፤ የነዳጅ ታንከሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ የኋላው መቀመጫ ወደ ላይ ታጥፎ የሕፃን ጋሪ ሳይታጠፍ ይገባል። የሕፃኑም ወንበር ሳያስቸግር ገባ። ችግሩ እናቴ ናት። የፊት ወንበሩ ከመሬት 54 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ልትቀመጥ ስትል ጉልበቷ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ሊይዛት ስላልቻለ ወንበሩ ላይ ወደቀች፣ ለመነሣትም ሁለታችንም ደገፍናት። የራቭ 4 ወንበር 68 ሴንቲ ሜትር ሆነ። እዚያ ላይ እንደ ቆመች ዳሌዋን ብቻ አስጠግታ ተቀመጠች፣ ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ በእጇ ይዛ አስገባች። ስትወርድም እጄን አልያዘችም።

ይሁን እንጂ በራቭ 4 ላይ የከነከነን ነገር አለ። ስንደርስ ሞተሩ ሞቆ ነበር። ሻጩ ነዳጅ ሊቀዳ ወጥቶ እንደነበር ነገረን። በዳሽቦርዱ ላይ ምንም የስሕተት መብራት የለም፤ መኪናውም አምሮ ታጥቧል።

ከጋራዥ

የሞቀ ሞተር ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ነገር ግን የመብራት አለመኖርን እንደ ንጹሕ ማስረጃ አትቁጠሩት። ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ላይ የኮምፒውተር ማንበቢያ የሚሰካ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የስሕተት ኮዶችን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲጠፉ ግን መኪናው በራሱ ላይ የሚያደርጋቸው የፍተሻዎች ውጤትም አብሮ ይጠፋና ማንበቢያው ፍተሻዎቹ «አልተጠናቀቁም» ይላል። እነዚያ ፍተሻዎች እንደገና የሚሟሉት መኪናው ለቀናት በተለያየ ሁኔታ ከተነዳ በኋላ ነው። ባትሪም ሲነቀል እንዲሁ ይሆናል፤ ሻጩ ባትሪ ቀይሬ ነው ካለ አዲሱን ባትሪ ያሳያችሁ።

ገላውን በጥንቃቄ የሚያይ

ስለ ሞተሩ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ ገላው ጥቂት ልበል። ፓራፋንጎውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች ተመልከቱ፤ ጥርሳቸው ላይ ያለው ቀለም ከተላላጠ ተፈትተዋል ማለት ነው፤ የተፈቱበትንም ምክንያት መጠየቅ መብታችሁ ነው። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ አውጡት፤ ጎርፍ የገባበት መኪና ወንበሩ ታጥቦ ሽታው ቢጠፋ እንኳ የቀበቶው ጫፍ ላይ የውኃ ልክ ምልክት አልፎ አልፎ ይቀራል። በወንበሮቹ ሥር ያለውን የብረት ሐዲድም በባትሪ መብራት እዩት።

ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሆነውን የሻንሲ ቁጥር ቅዱና በአምራቹ ዘንድ ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ እንዳለበት አረጋግጡ። ይህን የምለው ሕፃንና አዛውንት የሚጫኑበት መኪና ስለሆነ ነው። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው የኤርባግ ማፈንጃዎች ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው በፍንዳታ ጊዜ ብረት የሚረጩ ሆነው በመገኘታቸው በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ እንዲቀየሩ ጥሪ ተደርጓል፤ በብዙ አምራቾች መኪኖች ውስጥ የተገጠሙ ስለነበሩ የአንድ መኪና ስም መልካም መሆኑ ብቻ አያድንም። ቅያሪውን አምራቹ በነፃ ያደርገዋል።

ሌላው ትንሽ ነገር፦ የ2012ቱ ራቭ 4 የኋላ በር ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚከፈተው። ከኋላችሁ ሌላ መኪና ተጠግቶ ከቆመ ጋሪውን ማውጣት ያስቸግራል፤ በምታቆሙበት ቦታ አስቡት።

ጠያቂዋ

ውጤቱን ላሳውቃችሁ ቃል ገብቼ ስለነበር ነው የተመለስኩት። በመካኒኩ ምክር መሠረት ማንበቢያ ያለው ሰው ይዘን ሄድን፤ የመጀመሪያው ራቭ 4 ላይ ከፍተሻዎቹ አብዛኞቹ አልተጠናቀቁም ነበር፣ ባትሪው ደግሞ አሮጌ ነው። ሻጩ ማብራሪያ ስላልነበረው አመስግነን ተለያየን።

ከዐሥር ቀን በኋላ ሌላ ያንኑ ዓመት ሥሪት አገኘን። 152,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ በቁጥር ካየነው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ባለቤቴም በመጀመሪያ አልወደደውም። ነገር ግን የያዙት አንድ አዛውንት ሲሆኑ ዘይት የቀየሩበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በየጊዜው በእጃቸው የጻፉበት ደብተር አላቸው፤ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ የካምቢዮ ዘይት ሁሉ ከነደረሰኙ ተቀምጧል። ሌሊቱን ውጭ አድሮ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሲነሣ እዚያው ነበርን፤ ካቴናው ድምፅ አላሰማም፣ ጭስም አላየንም። ፍተሻዎቹ ሁሉ ተጠናቅቀዋል። ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪም የለበትም። የኋላውን በር ነገር በምናቆምበት ቦታ በሜትር ለክተን በቂ ሆኖ አግኝተነዋል። የሕፃኑን ወንበር ከሹፌሩ ጀርባ ገጥመን እኔ ተቀመጥኩ፤ በጉልበቴና በዳሽቦርዱ መካከል አንድ ስንዝር ተረፈ።

ገዝተነዋል። አሁን ምን ምን ወዲያውኑ መቀየር አለበት?

ከጋራዥ

እንኳን ደስ አላችሁ። 152,000 ኪሎ ሜትር ከነደብተሩ፣ 118,000 ያለ ደብተር ከሚቀርብልኝ እኔም ባለ ደብተሩን እወስዳለሁ።

የሞተር ዘይቱንና ማጣሪያውን ደብተሩ ምንም ቢል ቀይሩ፤ የእናንተ መቁጠሪያ ከዚያ ይጀምራል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ስለሆነ ሁለት ዓመት ካለፈው ይቀየር። የራዲያተሩንም ፈሳሽ እዩ። ከዚያ ጎማዎቹን ተመልከቱ፤ ጥርሳቸውን ብቻ ሳይሆን በጎናቸው የተጻፉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አንብቡ። 3519 ቢል በ2019 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ከኋላ በር ላይ የተሰቀለውን ስኮርታ አትርሱ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ጠያቂዋ

አራቱ ጎማዎች ደህና ናቸው። ስኮርታው ግን 1412 ይላል፤ ከመኪናው ጋር የመጣው ነው። ቅዳሜ እንቀይረዋለን።